አንቺ ማለት ያቃተን ሴቶች

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አልኩ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ከውስጡ አንድ ጎርናና ድምፅ ይጮሃል፤ ይገሥጻል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ይጮሃል። ባንክ የምትሠራው ልጅ ሳቋን ለማፈን የሹራቧን እጅጌ ነክሳለች። ጡረተኛዋ መምህርት መነጽራቸውን አውልቀው ያዩኛል።

«አንቺ ነሽ እኮ» አለችኝ ልጅቷ በመጨረሻ። «አሁን የሰበክሽው ነው። ሳልነግርሽ ቀዳሁት።»

ክው አልኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ነው የምውለው፤ ደንበኞቼ ሁሉ ድምፄ ቀጭን መሆኑን ያውቃሉ። ስልክ ሳነሳ «ሚሚ፣ እናትሽን አቅርቢልኝ» የሚለኝ ሰው አለ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ስልኩ ውስጥ የሚጮኸው ግን መጋቢያችን ናቸው። ድምፃቸውን ወስጄ አልበቃኝም፣ ጉሮሯቸውንም ጨምሬ ወስጃለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ የማይለቅ ጉንፋን ስላስያዛቸው እሳቸው ከትልቅ ቃል በፊት «እህም» ይላሉ። እኔ ጉንፋን የለብኝም። ግን እኔም ከትልቅ ቃል በፊት «እህም» እላለሁ።

ያን ቀን አራት ሆነን የተቀመጥነው ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ትንሽ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ዕቃ ቤቷ ውስጥ እግራቸው የተሰበረ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጄኔሬተርና የሠርግ ድስቶች ተከማችተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ እንገናኛለን። አንዷ ቆማ ትሰብካለች፣ የቀረነው እንሰማለን፣ ከዚያ ያየነውን ፊት ለፊት እንነግራታለን። አንድ ሕግ ነበረን፤ «ተባርኬያለሁ እህቴ» ብሎ መሸሽ አይፈቀድም።

እንዲህ ማድረግ የጀመርነው የሚያስተምረን ስላልነበረ ነው። ወንዶቹ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ፤ የሥልጠናው ርዕስ የታተመበት ቦርሳ አንግተው ይመለሳሉ። እኛን ግን ረቡዕ በእህቶች ፕሮግራም ላይ «እስቲ ትንሽ ቃል አካፍሉን» ይሉናል። ስብከት አይሉትም። ወንድ ከተናገረው ስብከት ነው፣ እኛ ከተናገርነው ማካፈል ነው፣ እንደ ቆሎ። ይሄ ነገር ያኔም ያናድደኝ ነበር፣ ዛሬም ያናድደኛል።

የዚያን ሰሞን ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ጡረተኛዋ መምህርት ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ ጀምረው ሲጠይቁት የኖሩትን ነገር የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች እሺ አሉ፤ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ወንዱም ሴቱም በተሰበሰበበት፣ ከእኛ አንዷ እንድትሰብክ። «እንያችሁ» አሉ። «ካማረ ይቀጥላል። ካላማረ ግን ይሄ ጥያቄ ሁለተኛ እንዳይነሳ።» የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ስሰብክ ቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በላይ እሰማለሁ ተብዬ። ስለዚህ ብወድቅ የምወድቀው ብቻዬን አልነበረም። በሩ በአራታችንም ላይ ነው የሚዘጋው።

ያ ከዝናብ በላይ የሚሰማ ድምፅ የማን እንደሆነ ይኸው በስልክ ተነገረኝ።

ለእሁዱ የመረጥኩት ታሪክ ኢየሱስ የሞተችውን የምኩራብ አለቃ ልጅ እጇን ይዞ እንድትነሳ ያዘዘበትን ነው። ታሪኩ ውስጥ የተኛችው ሴት ልጅ ናት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለነው በሙሉ ሴቶች ነን። ስልኩ ግን ምን ይላል? «እህም! አንተ ሰው! እስከ መቼ ትተኛለህ? ጌታ እጅህን ይዞሃል! ተነሳ! ገባህ? ገባህ ወይ?»

ልጅቷ ስልኩን አጠፋችው። ከአራታችን አንዷ እስካሁን አልተናገረችም። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ ከልጆቿ ጋር ከተማው ዳር ባለው መጠለያ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ እዚያው ቀረ፤ እንዴት እንደቀረ እሷም አልነገረችን፣ እኛም አልጠየቅናትም። በፊት ከባሏ ጋር መንደር ለመንደር እየዞረች ትሰብክ እንደነበር ሰምተናል። ወደ እኛ ከመጣች ወዲህ ግን አንድም ቀን ቆማ አታውቅም፤ ተራዋ ሲደርስ «እኔ ልስማ» ትላለች፣ እናልፋታለን።

«ሰውዬውን ስፈልገው ነበር» አለች።

«የቱን ሰውዬ?» አልኳት።

«የምትቆጪውን ነዋ። አንተ ተነሳ ስትይ፣ ከኋላዬ የገባ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። የለም። እንደገና ተቆጣሽው፣ እንደገና ዞርኩ።» አፍራ ወደ መሬት አየች። «እሁድም እንዲሁ ነው። መጋቢው ሲሰብኩ ዞር እላለሁ። ለኔ የሚሉ አይመስለኝም።»

እኔ እዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደግኩት። «አንተ ሰው» ሲባል አሜን ብያለሁ፣ ጮኬያለሁ፣ ንስሐ ገብቼ አልቅሻለሁ። አንድም ቀን ግን ማንን ነው ብዬ ዞር ብዬ አላየሁም።

ለካ ልጅቷ የሌሎቹንም ስትቀዳ ከርማለች። «ይውጣ፣ የኔም ይሰማ» አሉ መምህርቷ፣ እንደማይወድቁ ተማምነው። አንኮበር ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ግሡ ከባለቤቱ ጋር በጾታ አልተስማማም እያሉ ስንቱን ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ የቀጡ። ስልኩ ውስጥ እኛን ሦስት ሴቶች ፊታቸው አስቀምጠው «አንተ ወጣት ሆይ! ጉልበትህ ሳይደክም!» ይሉናል። መምህርቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ምን ጉድ ነው!» አሉ። «ምን ጉድ ነው ይሄ? እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?»

የልጅቷ ከሁላችን ባሰ። ስብከቷ ላይ «እናንተ» እያለች አምልጣለች። መጨረሻ ላይ ግን ዓይኗን ጨፍና ስለ ራሷ ስትጸልይ «ጌታ ሆይ፣ እኔን ደካማውን፣ ምንም የማላውቀውን ባሪያህን አስበኝ» ትላለች። ደካማውን! «ታዲያ እግዚአብሔር ማንን አስቦ ይሆን?» ብላ ሳቀች ልጅቷ። ስትስቅ ስትስቅ ፊቷ ተለወጠና እንባዋ መጣ። ያን ቀን ሳንጸልይ ተለያየን። በምን አፋችን እንጸልይ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልናርመው ተነሳን። ቀላል መስሎን ነበር። አንተ የሚለውን አውጥቶ አንቺ የሚለውን ማግባት ምን ይከብዳል? የተበላሸ ዚፕ እንደመቀየር ነው ብዬ አሰብኩ። ቆምኩና ጀመርኩ። «አንቺ! እስከ መቼ ትተኛለሽ? ተነሺ!»

ሦስቱም ወደ ኋላቸው ሸሹ። እኔም የራሴን ድምፅ ሰምቼ ደነገጥኩ። የወጣኝ ስብከት አልነበረም፤ ደጃፌ ላይ እጣቢ የደፋች ጎረቤት የምሰድብበት ድምፅ ነው። መምህርቷ ተነስተው ሞከሩት፤ የቤት ሥራ ያልሠራች ተማሪ ወደ ጥቁር ሰሌዳ የሚጠሩ መሰሉ። ልጅቷ ደግሞ አለስልሳ «አንቺ እህቴ» ስትል ደብተሩ የጠፋበት የባንክ ደንበኛ የምታባብል ትመስላለች። እንደገና ሞከርን፣ እንደገና ከሸፈ። በሳቅ የጀመርነው ነገር ወደ ንዴት ዞረ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እኛ «አንቺ» ሲባል የምናውቀው ጓዳ ውስጥ፣ ጠብ ላይ፣ ወይም የሚወደን ሰው በጆሯችን ሲያንሾካሹክ ነው። ከከፍታ ቦታ፣ በክብር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺ» ሲባል ሰምተን አናውቅም። ያልሰማነውን ከየት አምጥተን እንናገረው? መጋቢውን ኮርጀን ነበር የሰበክነው፤ አሁን የምንኮርጀው ሰው የለም።

መምህርቷ ወደ ወለጋዋ እህታችን ዞሩ። «አንቺ እዚያ እንዴት ነበር የምትሰብኪው?»

በሩ መዘጋቱን አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በኦሮምኛ ነበር የምሰብከው። መንደራችን ድብልቅ ነበር።»

ለምን ዝቅ አድርጋ እንደተናገረች ሁላችንም ገብቶናል። እዚያ የሆነባትን እያወቅን፣ በዚያ ቋንቋ ሰብካ እንደምትናፍቀው መስማት ከበደን።

«በኦሮምኛ አንተም አንቺም አንድ ነው» አለች። «‹አቲ› ነው የሚባለው። ‹አቲ› ካልኩ ወንዱም ሴቱም ቀና ይላል። ማንም ወደ ኋላው አይዞርም።»

«እስቲ በዚያው በይልን» አልኳት።

ትቆማለች ብዬ አልጠበቅኩም፤ ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሳትጮህ፣ «አቲ፣ ካኢ!» አለች። አንቺ፣ ተነሺ ማለቷ ነው። ወይም አንተ፣ ተነሳ። ያች በብርድ የተኮራመተች ሴት ቤቱን ሞላችው። ልጅቷ ሳታውቀው ከወንበሯ ተነስታ ነበር። እኔ ፀጉሬ ቆመ፤ እስከዚያን ቀን ስብከት ስንል ምን ስንል እንደከረምን እንጃ።

«በቃ፣ አሁን በአማርኛ!» አሉ መምህርቷ በደስታ።

«አን...» አለችና አቆመች። መልሳ ተቀመጠች። «አልችልም» አለች። «እዚህ ከመጣሁ ‹አንቺ ተነሺ› የተባልኩት የስንዴ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው።»

መምህርቷ ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም። እሁዱ ሲቀርብ «ነይ፣ ጉሮሮሽን እናፍታታው» ብለው በሚኒባስ ወደ አንኮበር ይዘውኝ ወጡ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ተራራው ወደ ቆላው የሚገመስበት ቦታ አለ፤ ጉሙ ከታች ነው፣ ሰው ከላይ። «ማንም አይሰማሽም» አሉኝ። «እስኪለምድሽ ድረስ ጩኺ።»

ጮህኩ። «አንቺ! እስከ መቼ ትተኛለሽ?» ድምፄ ገደሉን ይዞ ወረደ።

ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሰው ድምፅ መለሰ። «ኧረ ምን አጠፋሁ?»

ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንዲት ሻሽ የጠመጠመች ነጋዴ ሸክሟን መሬት አስቀምጣ ወደ ላይ ትመለከታለች። ይቅርታ ለመጠየቅ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። እንደጠጋኋት እጇ ደረቷ ላይ ነበር።

«ወላሂ አስደነገጥሽኝ» አለችኝ። «ከላይ አንቺ ብሎ የሚጠራኝ ካለ፣ ወይ ዕቃ ጥያለሁ፣ ወይ ያልሆነ ቦታ ረግጫለሁ።»

«አንቺን አይደለም» አልኳት። «ስብከት እየተለማመድኩ ነው።»

«ስብከት?» አለችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ቁጣ መስሎኝ።» ሸክሟን አግዣት ተሸክማ ወረደች። አላህ ያግዝሽ አለችኝ፤ ከልቧ ነው ያለችው።

ሽቅቡን ስመለስ መምህርቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የሰሙት በቅቷቸዋል። «እሁድ ‹እናንተ› በይ» አሉኝ። «ነገሩን አታስጨንቂው። ወንዶቹም ተቀምጠዋል። እናንተ ብለሽ ጨርሰሽ ውረጂ፤ ‹አንቺ›ን በሌላ ጊዜ እናመጣታለን።» ባንክ የምትሠራዋም ይህንኑ አለች። እኔም እሺ አልኩ፤ መፈርጠጥ አልነበረም የፈለግኩት፣ በሩ እንዳይዘጋ ነው።

እሁድ ሆነ። ከተማው በጉም ተሸፍኗል፣ የሰው አፍ ይጤሳል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንዶች በቀኝ ሴቶች በግራ ነው የሚቀመጡት። ሽማግሌዎቹ ፊተኛው ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። መጋቢው ከጎናቸው። የወለጋዋ እህታችን እንደ ወትሮዋ በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ጫፍ ላይ። የማይክሮፎኑ መቆሚያ በመጋቢው ቁመት ልክ ዝጎ የቀረ ስለሆነ ዝቅ አይልም። መምህርቷ ይህን አስበው ከቤታቸው በርጩማ ይዘው መጥተዋል። በርጩማ ላይ ወጣሁ። አንድ ሰው ከወንዶቹ በኩል ሲስቅ ሰማሁ፣ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

«እናንተ» እያልኩ ሄድኩ። ስሕተት አልነበረውም፤ ሕይወትም አልነበረውም። የቀበሌ ስብሰባ የምመራ መሰለኝ። እናንተ ውስጥ ሁሉም ተደብቋል፤ ማንም አልተጠራም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይናቸው እየተከደነ ነው። ልጅቷ ከሴቶቹ መሀል በጣቷ ቀጥዪ ትለኛለች። ላብ አጠመቀኝ፣ በዚያ ብርድ።

የሞተችው ልጅ ክፍል ውስጥ ገባሁ። አልቃሾቹ ወጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ እጇን ያዘ። ትልቁ ቃል ደረሰ። ጉሮሮዬ ውስጥ የመጋቢው «እህም» መጣ። ዋጥኩት። ቀና ስል ሰው ሁሉ ጠፍቶ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ብቻ ታየችኝ፤ አንገቷ ለመዞር ተዘጋጅቷል። ያን ሳይ አፌ የተመከርኩትን ሁሉ ጣለ።

«አንቺ!» አልኩ። በማይክሮፎን። «እስከ መቼ ትተኛለሽ? እጅሽን ይዞሻል። ተነሺ!»

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። ወንድን አንቺ ማለት ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ በአደባባይ ቢሆን በቡጢ የሚያልቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ እርስዎ የሚባሉ ሽማግሌዎችን፣ አባቶችን፣ ጎረምሶችን፣ ግማሹን ጉባኤ በአንድ ትንፋሽ አንቺ ብያቸዋለሁ። ያንቀላፉት ሽማግሌ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ቀርቷል። መጋቢው አፋቸው ተከፍቷል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አቤት!»

ከበሩ አጠገብ ነው። ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ቆማለች። ምን አጠፋሁ አላለችም፤ ስሟን የጠሯት ያህል ቀጥ ብላ፣ ዓይኔን እያየች «አቤት!» አለች።

የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ልጅቷም ያን ቀን መቅዳት ረስታ ነበር። የማስታውሰው ያቺ ሴት እስከ መጨረሻው ቆማ መስማቷን ነው። ማንም ተቀመጪ አላላትም።

ሰው እንደወጣ ሽማግሌዎቹ ወደ ዕቃ ቤቱ ጠሩኝ። ቅዳሜ እኛ የምንቀመጥበት ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። እኔ ቆሜያለሁ።

«አንቺ አልሽን» አሉ ሰብሳቢያቸው። ቁጣ እጠብቅ ነበር፤ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ግን የተጎዳ ሰው ሐዘን ነው። እሱ ይበልጥ አስደነገጠኝ። «በዚህ ሽበታችን። በልጅ ልጆቻችን ፊት።»

«አፌ ነው፣ አባባ» አልኩ። «እናንተ ልል ነበር።»

«ያቺን ሴትዮስ?» አሉ ሌላው። «አቤት በይ ብለሽ አስጠንተሽ አስቀምጠሽ ነው?»

ይሄኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። እኔን ይበሉኝ፤ እሷን ግን! «እዚህ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠርታ ነው አቤት ያለችው» አልኩ። «እናንተን ዛሬ አንድ ጊዜ አንቺ አልኳችሁ፣ ይኸው አመማችሁ። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ስባል ኖሬያለሁ። እናቴም አንተ እየተባለች ኖራ ሞታለች። አሜን ነው ያልነው።»

መጋቢው መሬት መሬት ያያሉ። ሰብሳቢው ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጉዳዩ እስኪጠና ድረስ» አሉ፣ «የእሁዱ ነገር ይቆይ።»

ጉዳዩ እስኪጠና! ይህች አባባል የምን እንደሆነች በዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃታል። መምህርቷ በርጩማቸውን ታቅፈው ውጭ ይጠብቁኛል። ስነግራቸው ትንሽ ሳቁ። «የሚጠና ከሆነ እኔ አልደርስበትም» አሉ። በርጩማውን ልቀበላቸው ብል እንቢ አሉኝ፤ ራሳቸው ተሸክመውት ሄዱ። ከኋላቸው እያየሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን በር በአንድ ቃል ዘጋሁት አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ማሽኔ ላይ አቀርቅሬ ዋልኩ፤ እጅጌ በቦታው አልገባልኝም።

ዓርብ ከሰዓት የወለጋዋ እህታችን ሱቄ ድረስ መጣች። ልትወቅሰኝ ነው ብዬ ፈራሁ። «ነገ ተረኛዋ ማን ናት?» አለችኝ።

«የምን ተራ?» አልኳት። «ሁሉም ነገር ተበላሸ እኮ።»

«እሁዱ ነው እንጂ የተከለከለው፣ ቅዳሜ አይደለም» አለች። «ተራው የኔ ይሁን። በአማርኛ።»

ቅዳሜ ቆመች። ሦስታችንንም አንድ በአንድ እያየች አንቺ አለችን። ጠብ አልነበረበትም፣ ልምምጥም አልነበረበትም። እንዴት እንዳለችው ብትጠይቁኝ ማስረዳት አልችልም፤ ሲጠሩኝ አቤት ማለት አማረኝ፣ ይሄን ነው የማውቀው። መምህርቷ እርማት አልነበራቸውም። መነጽራቸውን ብቻ ደጋግመው ጠረጉ።

በማግስቱ እሁድ መጋቢው እንደ ወትሮው ወደ መድረኩ ወጡ። ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ይመስላል። ስለ ምን እንደሰበኩ አልሰማሁም፣ ልቤ እዚያ አልነበረም። ብቻ ድምፃቸው ከፍ እያለ መጣ፣ «እህም» አሉ፣ ከዚያም «አንተ ሰው!» አሉ።

በሩ አጠገብ የወለጋዋ እህታችን ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች።

እሷስ ልማዷ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት መምህርትም ዞሩ፣ ቀስ ብለው፣ ሰውዬውን እንደሚፈልግ ሰው። ባንክ የምትሠራው ልጅ ዞረች። ከእሷ ቀጥሎ ምንም ያልነገርናቸው ሴቶች፣ የረቡዕ እናቶች፣ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ እያደረጉ ዞሩ። አልተማከርንም፤ ምን እያደረጉ ነው ብዬ እኔም ደንግጬያለሁ። በግራ በኩል ካሉት ወንበሮች ለመጋቢው የሚታያቸው የሴት ማጅራት ብቻ ሆነ።

ስብከቱ ቆመ። ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ፊት ተመለሱ። መጋቢው መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ሰብሳቢውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«አንቺም» አሉ።

ጉሮሯቸውን አልጠረጉም ነበር። ያን ጎርናና ድምፅ የወሰድኩበት ሰው ቀጭን፣ የሚፈራ ድምፅ ነበረው ለካ። ቃሏ ግን እስከ በሩ ተሰማች።

«አቤት!» አለች አንዲት ሴት።

ጥርት ያለ፣ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከየት እንደመጣ አላወቅኩትም። ማናት ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የሁሉም ዓይን ያረፈው እኔ ላይ ነበር።